ያጨበጨብንለት ጩኸት

በሕይወቴ የተጨበጨበልኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ጭብጨባ ሰው ሊገድል ትንሽ ነበር የቀረው። ስለዚህ ዛሬ ስልካችሁን ይዛችሁ «ማሽን እንደ ሰው ማውራት ጀመረ፣ እንግዲህ አለቀልን!» ስትሉ ስሰማችሁ ሳቄ ይመጣል። ወላሂ፣ እኔ ከናንተ ቀድሜ ነው ያለቀልኝ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ሥራ ካላችሁ ሥራችሁን ጨርሳችሁ ኑ፣ ነገሩ ትንሽ ይረዝማል።

ከድጃ እባላለሁ። ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ ሸዋ ሮቢት መናኸሪያው አጠገብ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት ነበረችኝ። ወጣት ሁሉ «ተደራጁ» የሚባልበት ዘመን ስለነበር አምስት ሆነን በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተን ነው የጀመርነው። ሁለቱ ዓረብ አገር ሄዱ፣ አንዷ አገባች፣ አንዱ ካድሬ ሆነ፣ ከማኅበሩ እኔ ብቻ ቀረሁ። ስብሰባ የምጠራው እኔ፣ የምገኘው እኔ፣ ቃለ ጉባኤ የምጽፈውም እኔ። አብዛኛው ሥራዬ ቬንትሌተር መጠገን ነበር፤ የሮቢትን ሙቀት የሚያውቅ ለምን እንደሆነ አይጠይቀኝም። እጄ መጥፎ አልነበረም። ምላሴ ግን ከእጄ ይፈጥን ነበር፣ መከራዬም የመጣው ከሱ ነው።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ከሱቄ ጎን ያለችው ሻይ ቤት ገብቼ ተቀምጫለሁ። ቴሌቪዥኑ ስለ አንዲት ሮቦት ያወራል። ፊቷ የሴት ነው፣ ዓይኗን ታርገበግባለች፣ ጋዜጠኛው ሲጠይቃት ትመልሳለች፣ ይባስ ብላ ትቀልዳለች። (ሮቢትና ሮቦት እያላችሁ ለመቀለድ የተዘጋጃችሁ ካላችሁ ተዉት፤ ያ ቀልድ እኛ ጋ ጥርሱ ረግፏል።)  ሻይ ቤቱ ውስጥ ሁሉም በአንዴ ማውራት ጀመረ።

«ይቺ መኪና መንዳት ከቻለችማ እኔ ምን ልበላ ነው?» አለ ጀውሃ ላይ የሚያድር አንድ የከባድ መኪና ሾፌር።

«አትተኛ፣ አትቅም፣ በየመንገዱ አታገባ! ባለንብረቱ ዛሬውኑ ይቀጥራታል» አለችው አስተናጋጇ። ሾፌሩ ሳቀ፣ ግን ሻዩን አልጨረሰውም።

አንድ ሐጂ ዝቅ ባለ ድምፅ «ሩሕ አላት?» ብለው ጠየቁ።

«ባትሪ አላት» አልኩ እኔ። ሰው ሳቀ፣ እሳቸው ግን ተቀየሙኝ።

በሩ ላይ የተበላሸ ራዲዮናቸውን ይዘው የቆሙት ጋሼ ወንድይፍራው ነበሩ። ወደ ጀውሃ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለች የቀወት መንደር ነው የሚመጡት፣ ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል፣ ከደንበኞቼ ሁሉ የምወዳቸው እሳቸውን ነበር። ቴሌቪዥኑን ረጋ ብለው አዩና «ወፍ ትጠብቃለች?» አሉ።

ለማያውቅ ሰው ቀልድ ይመስላል፣ የይፋት ቆላ ሰው ግን ያውቀዋል። ማሽላው እሸት ሲይዝ ግሪሳ ወፍ ደመና ሆኖ ይወርዳል። ጎህ ሲቀድ ማማ ላይ ወጥቶ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ እየጮኸና በወንጭፍ እያባረረ የሚውል ሰው ከሌለ የዓመቱ እህል በአንድ ቀን ያልቃል። የጋሼ ወንድይፍራው ድምፅ የሦስት ገበሬ ማሳ ያዳርስ ነበር፤ እሳቸው የጎረቤቶቹን ማሳ አብረው ይጠብቃሉ፣ ጎረቤቶቹ ያርሱላቸዋል። ያን ዓመት ግን ጉሮሯቸው እየደከመ ነበር። ማታ ቤት ሲገቡ ውሃ የሚጠይቁት በምልክት ነው ይባላል።

«እሷ እንኳ አትጠብቅም ጋሼ» አልኩ፣ «የምትጠብቅ እኔ እሠራልዎታለሁ።»

አያችሁ? ምላሴ ማለት ይሄ ነው። ሻይ ቤት ሙሉ ሰው ሰምቶኛል፣ እንግዲህ ልሽሽ ብል የት እሸሻለሁ።

ሠራኋት። አንድ ልብስ ቤት ፊት ለፊት ቆማ ሱሪ የምታሳይ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ነበረች፣ አፍንጫዋ ቀጥ ያለ፣ ከንፈሯ ፈገግ ያለ ፈረንጅ። ባለቤቱ አንድ እጇ ስለተሰነጠቀ ሰጠኝ። የሞተ ቬንትሌተር አንገት አውጥቼ ጭንቅላቷ ውስጥ ገጠምኩ፣ ቀኝና ግራ መዞር ጀመረች። ደረቷ ላይ ከሌባ መጠበቂያ ያወጣሁት ሴንሰር፣ ሆዷ ውስጥ ሞንታርቦ፣ ጀርባዋ ላይ ሁለት ባትሪ፤ አንዱ ለጭንቅላቷ፣ አንዱ ለድምጿ። ወፍ ሲያልፍ ሴንሰሩ ያያል፣ ሞንታርቦው ይጮሃል። የቀረው ድምፅ ብቻ ነበር። ድምፅ ደግሞ ከጋሼ ወንድይፍራው የተሻለ ከየት ይመጣል?

ማሳቸው ድረስ በባጃጅ ሄጄ ስልኬን አፋቸው ላይ ደቀንኩ። መጀመሪያ «ሃይ! ሃይ! ሂድ ከዚህ!» አሉ። ከዚያ ጆሮ የሚበጥስ ፉጨት። ሦስተኛው «መጣሁልህ! አንተ ቀማኛ!» ነበር።

«ጋሼ፣ ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ጩኸት የለዎትም? ወፉ ሲለምደው የሚለወጥ?»

«አለኝ፣ ግን ለወፍ አይባልም።»

«ምንድነው?»

«ኡኡታ ነዋ።»

«በሉታ!»

ፊታቸው ተለወጠ። «አንቺ ጅኒ፣ ኡኡ ሲባል ሰው የያዘውን ጥሎ ነው የሚወጣ። ሕመምተኛው ሳይቀር ይወጣል። በሱ ይቀለዳል?»

«ጋሼ፣ ወፏ ምን ታውቃለች?»

«ወፏ አታውቅም። ሰው ያውቃል።»

እኔ ግን መቼ ሰማሁ! ለመንኳቸው፣ አሾፍኩባቸው፣ «ደከመዎት ማለት ነው» ብዬ ነገር ፈለግኋቸው። በመጨረሻ ዓይናቸውን ጨፍነው «ኡኡ! ኧረ በማርያም ድረሱልኝ!» አሉት። የጮሁት ለቀልድ መሆኑን እያወቅሁ እንኳ ጸጉሬ ቆመ። ሱቄ ተመልሼ ሳስተካክለው ግን «ኧረ በማርያም» የምትለዋን ቆርጬ አወጣኋት። ማሽኗ የአንድ ሃይማኖት ወገን ናት እንዳትባል ነው። ይህን የምነግራችሁ በኋላ ስለምፈልገው ነው፣ ያዙልኝ።

ጋሼ አሮጌ ኮታቸውን አለበሷት፣ ማሳው መሐል ድንጋይ ቆልለን አቆምናት። አራቱን ጩኸት በተራ ትጮሃለች፣ ከአራተኛው በኋላ ወደ መጀመሪያው ትመለሳለች። መንደሩ «ፈረንጇ» አላት። ጸበል ይረጭባት ያለ ነበር፣ ቁርአን ይቀራባት ያለ ነበር፤ ግሪሳው ግን ሁለቱንም ሳይጠብቅ ነቅሎ ሄደ። በክፍያ የሚጠብቁ ጎረምሶች ግን አልወደዷትም። «ነገ ባለማሳው ሁሉ እንዲህ ያለ ቢገዛ እኛ ምን ልንሠራ ነው?» እያሉ ከየማማቸው ወንጭፋቸውን ወደሷ ማዞር ጀመሩ፣ በሦስተኛው ቀን ሁለት ጣቷን አጣች።

ኡኡታውስ? በመጀመሪያው ቀን መንደሩ በሙሉ ወጣ። ዱላ የያዘ አለ፣ ማጭድ የያዘ አለ፣ የጋሼ ሚስት እትዬ ዘነቡ ዘነዘና ተሸክመው ነው የደረሱት። ማሽን መሆኑን ሲያዩ ሰደቡኝ፣ ሳቁም። በሁለተኛው ቀን ግማሹ ወጣ። ነፋስ ቅጠል ባነቃነቀ ቁጥር ስለምትጮህ በሳምንቱ ከበሩ ብቅ የሚል እንኳ ጠፋ።

«አንቺ ከድጃ፣» አሉኝ እትዬ ዘነቡ፣ «ይቺ ፈረንጅሽ ልታሳብደኝ ነው። ባሌ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ጎመን ይበላል፣ ባሌ ደጅ ድረሱልኝ ይላል። የትኛውን ልመን?»

«ይለምዱታል እትዬ።»

«እሱን ነው እኮ የፈራሁ» አሉኝ። እኔ ሳቅሁ።

ወሬው የቀበሌው ሊቀመንበር ጆሮ ደረሰ። ሊቀመንበሩ ከላይ እንግዳ ሲመጣ የሚያሳየው ነገር አጥቶ የሚጨነቅ ሰው ነበር። ፈረንጇን ሲያያት ዓይኑ በራ። «ይሄ የቴክኖሎጂ ሽግግር ነው!» አለ፣ በሳምንቱ ከዞን ሳይቀር እንግዶች ጠርቶ የመስክ ጉብኝት ቀን ቆረጠ። ለኔም ምስክር ወረቀት፣ አዲስ የመሥሪያ ቦታ፣ ኧረ ምን ያልተባለልኝ አለ። በዋዜማው መጥቶ ማሳውን አየና ማማውን ጠቆመ።

«ይሄ ይፍረስ። ፎቶ ውስጥ ይገባል፣ ኋላ ቀር ያስመስለናል።»

አዲሱንና ጠንካራውን ማማ አፈረሱት። ከማሳው ጀርባ፣ ከቁርቁራው ዛፍ ሥር ያለችው አሮጌዋ ማማ ስለማትታይ ቀረች።

«ሰውዬውም ነገ እንዳይታዩ» አለ ሊቀመንበሩ። ሰውዬው ማለት ጋሼ ወንድይፍራው ናቸው፣ አጠገቡ ቆመዋል። «ሰው እየጠበቀ ማሽን ጠበቀ ቢባል ማን ያምነናል?»

ጋሼ ወደኔ አዩ። እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? «እውነቱን ነው ጋሼ፣ ነገ ቤት አረፍ ይበሉ» አልኩ።

«እሷ ብትደክምስ?»

«ማሽን አይደክማትም።»

«እሺ» አሉ። ወንጭፋቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ሄዱ። ይህችን «እሺ» እስከ ዛሬ ድረስ እሰማታለሁ።

በማግስቱ መንገዱ ዳር ዳስ ተጣለ፣ ወንበር ተደረደረ። እንግዶቹ ሦስት ሰዓት ተብሎ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሱ። ከመድረሳቸው በፊት ሊቀመንበሩ የሀበሻ ቀሚስ ይዞ ሮጠ። «በአሮጌ ኮት አትቀበላቸውም!» ብሎ ራሱ ፈረንጇን ኮት አስወልቆ ቀሚስ አለበሳት፣ መቀነትም አሰራት። እኔ ሩቅ ሆኜ ጽሑፌን አጠናለሁ። ሲመለስ ላቡን እየጠረገ «ሙሽራ መስላልሻለች!» አለኝ።

ሙቀቱ አይጣል ነው። ከዳሱ እስከ ፈረንጇ መቶ ሃምሳ እርምጃ ይሆናል፤ ከማሽላው በላይ ነጭ ቀሚሷና ቀኝ ግራ የሚል ጭንቅላቷ ይታያል። እኔ ማብራራት ጀመርኩ። እንደ ዶክተር ነው የማብራራው። ማስታወሻ የያዘች አንዲት ኃላፊ «አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«በከፊል» አልኳት። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ግሪሳው ከወንዙ በኩል ተነሳ።  ጸጥ። ጭንቅላቷ ይዞራል፣ ድምፅ የለም። ወፉ ወደ ማሳው ዘቅዘቅ ማለት ጀመረ፣ ሊቀመንበሩ በክርኑ ጎሸመኝ። ልክ ላብ ሊያሰምጠኝ ሲል «ሃይ! ሃይ! ሂድ ከዚህ!» የሚል ድምፅ ከማሽላው መሐል ወጣ። ከዚያ ፉጨቱ። ከዚያ «መጣሁልህ! አንተ ቀማኛ!» ግሪሳው በአየር ላይ ታጥፎ ወደ ወንዙ ተመለሰ። እልልታ! ጭብጨባ! ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ። ሳይንቲስት ነኝ፣ ንጉሥ ነኝ፣ ምን ያልሆንኩት አለ በዚያች ደቂቃ።

ቀጥሎ «ኡኡ! ድረሱልኝ!» መጣ። በተራዋ ነው የመጣችው፣ አራተኛ። እንግዶቹ ከወንበራቸው ተነሥተው አጨበጨቡ። «እንዴት ያለ የሰው ስሜት ነው!» አለች ባለ ማስታወሻዋ።

«ኡኡ! ድረሱልኝ!» አለ እንደገና። አሁንም ተጨበጨበ። ከአራት በኋላ አንድ መምጣት ነበረበት፤ አራት ደገመ። ጆሮዬ ሰምቶታል፣ ጭብጨባው ግን ይጥም ነበር።

«ኧረ በማርያም! ኧረ በማርያም ድረሱልኝ!»

ባርኔጣ ያደረገ አንድ ወፍራም እንግዳ «ኦርቶዶክስ ናት እንዴ?» አለ። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ሊቀመንበሩ ዕድሉን አላሳለፈም፤ «ሠሪዋ እስላም፣ ማሽኗ ክርስቲያን! የኛ መቻቻል እንዲህ ነው!» ብሎ እጁን አነሳ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም ሳቅሁ፣ እኔም አጨበጨብኩ።

እጄ እዚያው ተጋጥሞ ቀረ። «በማርያም»ን እኮ ቆርጬዋለሁ። በገዛ እጄ ቆርጬ አውጥቻለሁ።

ሮጥኩ። ማሽላው ከቁመቴ በላይ ነው፣ ቅጠሉ ፊቴን እየቆረጠው ሮጥኩ። ፈረንጇ ጋ ስደርስ የድምጿ ባትሪ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ጠፍታለች። ቀሚሱን ገለጥኩ፤ መቀነቱ ሲታሰር ሽቦው ከሥሩ ተነቅሎ ተንጠልጥሏል። ቀሚሱን ከለበሰች ወዲህ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ጭንቅላቷ ብቻ ወደ ቀኝ ዞረ፣ ወደ ግራ ዞረ፣ ፈገግ እንዳለች አየችኝ። ያ ሁሉ የተጨበጨበለት ድምፅ የጋሼ ወንድይፍራው ነበር።

«ጋሼ!» አልኩ። ዝም። «ጋሼ ወንድይፍራው!» ዝም። ያን ጊዜ የማደርገው ጠፋኝና እኔ ራሴ ኡኡ አልኩ። ባለኝ አቅም ሁሉ «ኡኡ! ድረሱልኝ! የሰው ያለህ!» አልኩ።

ከዳሱ በኩል ጭብጨባ ተሰማኝ። አንዱ ጮክ ብሎ «የሴትም ድምፅ አላት!» ሲል በነፋሱ መጣልኝ።

እናንተዬ፣ ማሽላ ውስጥ ቆማችሁ ድረሱልኝ እያላችሁ ሰው ሲያጨበጭብላችሁ ምን እንደሚሰማ ልነግራችሁ አልችልም። ጋሼ ከኔ በፊት ሦስት ጊዜ የሰሙት ያንን ነው።

ወደ ቁርቁራው ሮጥኩ። አሮጌዋ ማማ ተገልብጣ ወድቃለች፣ እግሯን ምስጥ በልቶታል። እትዬ ዘነቡ ቀድመውኛል። ዘነዘናቸውን ጥለው፣ መሬት ላይ ተንበርክከው፣ የባላቸውን ጭን በሁለት እጃቸው አፍነው ይዘዋል። በጣታቸው መሐል ደም ይወጣል፣ አጥንቱ ይታያል።

«ሻርፕሽን አምጪ!» አሉኝ። ሰጠኋቸው፣ ከላይ አድርገው አጥብቀው አሰሩት።

«እትዬ፣ እንዴት አወቁ?»

«ፈረንጅሽ ማርያምን ጠርታ አታውቅም» አሉ። ሌላ ምንም አላሉኝም።

ዳሱ ድረስ ሮጬ ባለ ባርኔጣውን ሰውዬ በእጁ ጎተትኩት። መጀመሪያ የዝግጅቱ ክፍል መስሏቸው ፈገግ አሉ፣ ልብሴ ላይ ያለውን ደም ሲያዩ ፈገግታቸው ከፊታቸው ጠፋ። ከዚያ በኋላ እውነት ለመናገር ሁሉም ሰው ሆነ። ከማማው እንጨትና ከዳሱ ሸራ ቃሬዛ ተሠራ፣ ባለ ባርኔጣው ራሱ አንዱን ጫፍ ተሸከመ። ወንጭፋቸውን ወደ ፈረንጇ ሲያዞሩ የነበሩት ጎረምሶችም ከየማማቸው ዘለው ደረሱ። ጋሼን የእንግዶቹ መኪና ላይ ጫንናቸው፣ ጭንቅላታቸው እትዬ ዘነቡ ጭን ላይ፣ እግራቸው እኔ ጭን ላይ።

ወደ ሮቢት ስንከንፍ ከንፈራቸው አመድ መስሏል። እንዳይተኙ ብዬ አወራቸዋለሁ፣ የማወራው ግን አለቀብኝ።

«ቤት ይዋሉ አላልኩዎትም? ምን ሊያደርጉ መጡ?» አልኩ፣ እያለቀስኩ።

«ዝም ስትል አየኋት» አሉ በቀስታ። «ወፉ ሊወርድ ነው። አንቺ እዚያ ቆመሽ ለትልልቅ ሰዎች ታብራሪያለሽ። ታዲያ ላዋርድሽ?»

«ለዚህ ብለው ነው ማማ ላይ የወጡት?»

«ከመሬት አይሰማማ። በተራዋ ነው የጮህኩት፣ ሃይ፣ ፉጨት፣ ቀማኛው… አልተሳሳትኩም አይደል?»

«አልተሳሳቱም ጋሼ።»

«አራተኛው ላይ ስደርስ ማማዋ ከዳችኝ። እሱን አስቤበት አልነበረም።» ዓይናቸውን ከደኑ፣ እትዬ ዘነቡ ፊታቸውን መታ መታ አደረጓቸው፣ ገለጡ። «አጨበጨቡ፣ አይደል?»

«አጨበጨቡ።»

«ለኔ ነው፣ ለሷ?»

 እግራቸውን አቅፌ ሆስፒታሉ በር እስክንደርስ አንገቴን አላነሳሁም።

ተረፉ። ሐኪሙ ወጥቶ «ብዙ ደም ፈሷቸዋል፣ ግን ደርሳችኋል» ሲለን እትዬ ዘነቡ መሬቱን ሳሙ፣ እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። እግራቸው ግን ሁለተኛ ቀጥ አላለም። ማማ ላይ መውጣት ያን ቀን አበቃ።

ሽማግሌ ሳይላክ፣ ፍርድ ቤት ሳይኬድ የፈረዱብኝ እትዬ ዘነቡ ናቸው። «ማሽላው ገና ነው። ጠባቂው ደግሞ ተኝቷል» አሉኝ። ገባኝ። ሱቄን ዘግቼ፣ በአዲስ እንጨት በተሠራ ማማ ላይ ከጎህ እስከ ምሽት፣ እስኪታጨድ ድረስ ሃያ ሁለት ቀን ጮህኩ። በአራተኛው ቀን ድምፄ ጠፋ። ጎረምሶቹ ወንጭፍ ሲያስተምሩኝ የመጀመሪያዋን ድንጋይ የገዛ ትከሻዬ ላይ ነው ያሳረፍኳት። ግሪሳው ከኔ ይልቅ ፈረንጇን ያከብር ነበር፣ ይህን አልደብቅም።

ፈረንጇን ፈታኋት። ሊቀመንበሩ ለባዛር ሲፈልጋት «ታማለች» አልኩት። ወደ ልብስ ቤቷ ተመለሰች፣ ሁለት ጣት ጎድሏት ዛሬም ሱሪ ትሸጣለች። የጋሼን ድምፅ የያዘችውን ሚሞሪ ለራሳቸው ሰጠኋቸው፤ ራዲዮናቸው ውስጥ ከተው «ወጣት ሳለሁ» እያሉ ያሰሙባታል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ስለ ማሽን ስታወሩ እሰማለሁ። ሥራችንን ሊወስድ ነው፣ ድምፃችንን ሊመስል ነው፣ ሊገዛን ነው ትላላችሁ። ሊሆን ይችላል፣ እኔ ነቢይ አይደለሁም። እኔ የሠራኋት ግን ማንንም አልገዛችም። ዓይኗ የሌባ መጠበቂያ፣ አንገቷ ቬንትሌተር ነበር፤ ያም ሆኖ በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ መንደር ሙሉ ኡኡታ ሰምቶ ቁጭ ማለት ተማረ። ከሁሉ ቀድሜ የተማርኩት እኔ ነኝ። አጨብጭቤያለሁ እኮ! ስለዚህ እኔ የምፈራው የሷን አፍ አይደለም፣ የኔን ጆሮ ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ አለኝ፤ ጩኸት ከሰማሁ እወጣለሁ። ማሽን ይሁን፣ ፊልም ይሁን፣ ቀልድ ይሁን አልመረምርም። ሰፈሩ ይስቅብኛል። ለፍየል ወጥቻለሁ። ለጎረቤት ቴሌቪዥን ሁለት ጊዜ ወጥቻለሁ፣ አንዴ በአንድ እግር ጫማ።

በቅርቡ ደግሞ እትዬ ዘነቡን ልጠይቅ መንደሩ ሄጄ፣ ግቢያቸው ተቀምጠን ስናወራ ከታች በኩል ኡኡታ ተሰማ። ዘለልኩ፣ አጥር ጥሼ ሮጥኩ። ስደርስ አንዲት ሴት ስልኳን ይዛ በሳቅ ትንፈራፈራለች፤ ሰው ልኮላት ነው፣ አንዱ አስመስሎ የሚጮህበት ቪዲዮ። ከፊቷ፣ በከዘራቸው ተደግፈው፣ ትንፋሽ አጥሯቸው የቆሙት ጋሼ ወንድይፍራው ነበሩ። በዚያ እግራቸው ቀድመውኛል።

«ስልክ ነው ጋሼ» አልኳቸው።

«አየሁት።»

«ነገም እኮ ይጮሃል።»

«ነገም እንመጣለና» አሉና ከዘራቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛውረው እጄን ያዙ። ቀስ እያልን ዳገቱን ወጣን።